ባቡር ያልወጣው ዳገት

(በደብረ ብርሃን ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ብርድ ተቋቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ባቡር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ ስለ ባቡር ማውራት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ሃዲድ የለንም፣ ጣቢያም የለንም። ብዙዎቻችሁ ባቡር መጀመሪያ ያያችሁት አዲስ አበባ ስትገቡ ይመስለኛል። ለገጣፎን አልፋችሁ አያት ስትደርሱ ቀላል ባቡሩ ብቅ ይላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበሩ። ወደ እኛ የቀረበው ጫፍ አያት ላይ አበቃ። ከአያት ወዲህ ያለው ሚኒባስና አውቶቡስ ነው።

ታዲያ ስለ ምን ታሪክ ልናወራ ነው? ትሉ ይሆናል። እኔ የአገራችን የባቡር ታሪክ የሚጀምረው ለገሃር ነው ብዬ አላምንም። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ይጀምራል። ሃዲድ ከመምጣቱ በፊት መስመር ነበር። ሃዲዱ የመጣው ያንን መስመር ሊተካ ነው። ሲተካው ግን ሌላ ቦታ ላይ ተነጠፈ። ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የባሕር በር ታጁራ ነበር። ከታጁራ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በአሳል ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ ቆርጦ፣ ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ይደርሳል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ወደ ሁለት ወር ፈጅቶበታል። ሰኔና ሐምሌን በበረሃ!

አልዩ አምባ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው እሱ ነው። ግመል ዳገት አይወድም። የደጋ በቅሎና አህያ ደግሞ በረሃውን አይችሉትም። ስለዚህ ግመሉ ገደሉ ሥር ይቆማል። ጨውና ጨርቁ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። ከዚያ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ሽቅብ ወደ አንኮበር ይወጣል። ከላይ ደግሞ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ ይወርዳል። ባሪያም ይወርድ ነበር፤ የአገራችንን የንግድ ታሪክ ስናወራ ይህን ዘለን ማለፍ ልማድ ሆኖብናል፣ ግን ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴው፣ የደጋው አማራ እዚያች ገበያ ላይ ይገናኛል። የዛሬ የሎጂስቲክስ ባለሙያ ቢያያት ደረቅ ወደብ ይላታል። ከላይ እስከ ታች ያለው ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ገበያ ፈጠረ፤ ሥራም ፈጠረ። ያ ዳገት ለአልዩ አምባ እንጀራዋ ነበር።

ይህ መስመር የሞተው ባቡር ሲመጣ ይመስለናል። የለም፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የታመመው። ዓመቱ ደግሞ 1879 ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ሁለተኛው በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ታሪኩን አሳምሮ ያሳያል። አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ፣ በወጣትነቱ ገጣሚ የነበረ፣ ኋላ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በጥቅምት ከታጁራ ተነሳ። አራት ወር ሙሉ በረሃውን ሲታገል ከርሞ በጥር መጨረሻ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ የሉም! ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሄዷል። ሰውየው ተከትሎ እንጦጦ ሄደ፣ ጠመንጃውን እሱ እንደሚለው በርካሽ ሸጠ፣ ተናዶም ወጣ። ሲመለስ ግን በአንኮበር አልተመለሰም። አዲስ በተከፈተው በሐረር መንገድ ነው የሄደው። ከእንጦጦ ሐረር ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት።

ነጋዴ ሆናችሁ አስቡት። አንዱ መንገድ አራት ወር ይወስዳል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ንጉሡ የሉም። በሌላው በኩል ቡና የሞላባት ሐረር አለች፣ ቤተ መንግሥቱም ጫፉ ላይ ነው። ማን በአንኮበር ይመጣል? የባቡሩ ሥራ ገና አልተጀመረም፤ የአንኮበር በር ግን ገርበብ ብሏል።

የባቡሩ ሐሳብ አባት ተብሎ የሚጠራው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። እሱም ሸዋ የመጣው በ1871 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ። ከዳገቱ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው እንግዲህ። በ1886 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ። ፈቃዱ የ99 ዓመት ነበር። ዕቅዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሃዲዱ በአንድ ሜትር ስፋት የተዘረጋ ጠባብ ሃዲድ ነው። ከሃዲዱ ሥር የሚጋደመው ተሸካሚም በብዛት ከእንጨት ይልቅ ብረት ሆነ፤ ምስጥ እንዳይበላው።

እዚህ ላይ ስሙን የማትጠብቁት ከተማ ይመጣል፦ ሐረር። ዕቅዱ ላይ በስሟ የተጠራች ከተማ ባቡር አላገኘችም። ተራራው ገንዘብ በላ፣ ኩባንያው ሸሸ፣ ሃዲዱ በታች በኩል አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። ድሬዳዋ። ሐረር ከላይ ሆና ተመለከተች። አንኮበርና ሐረር በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ለጠላት አይመቹም ተብለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠሩ ናቸው። ለባቡርም አልተመቹም።

ለምን አልተመቹም? ይህን በቁጥር እንየው፣ ብዙ አይደለም፣ አትሽሹ። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ የሚሄደውም ብረት ላይ ነው። ለዚህ ነው በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎትተው። ለዚሁ ነው ዳገት ላይ የሚያዳልጠው። ጭነት የሚጎትት ባቡር ከመቶ ሜትር መንገድ ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍ ካለ ኑሮው ከብዷል ማለት ነው። አሁን የእኛን ቁልቁለት ውሰዱ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱን 1,800 ሜትር እንበለው። በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር እየወጣ የሚሄድ ባቡር ይህን ለመውጣት 90 ኪሎ ሜትር ሃዲድ ይፈልጋል። የመኪናው መንገድ ግን ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ዋሻ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቀረውን 40 ኪሎ ሜትር ባቡሩ የት ሄዶ ይጠማዘዝበት? ገደሉን ታውቁታላችሁ። ዞር ማለቻ የለውም። ዋሻ በዋሻ ላይ፣ ድልድይ በድልድይ ላይ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ሃዲዱ ከድሬዳዋ ተነስቶ አዋሽን ተሻግሮ በመተሐራ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በአቃቂ አድርጎ ዘና ባለ አወጣጥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሸዋን ደጋ በስተ ጀርባው ዞሮ ወጣው ማለት ይቻላል። ዛሬ በዞናችን ያለችው ምንጃር እንኳ ሃዲዱን ከሩቅ ነው ያየችው። የሐረር ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት የነበረችው ባልጪ ከላይ አፋፉ ላይ ቀረች፤ ከሥሯ ሞጆና አዳማ አደጉ።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ ሌሊት ያድራል። አራት ወር ሦስት ቀን ሆነ! የአንኮበርን መንገድ የገደለው ነገር ይህ ነው ብትሉ አልከራከርም፤ ቀድሞ ታሞ ነበር ማለቴ ግን ይመዝገብልኝ።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ጣሊያን ለእኛ ሃዲድ አላመጣም፣ መንገድ ነው ያመጣው። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች መንዝና ቡልጋ ላይ መውጫ መግቢያ ሲያሳጡት፣ ወታደሩን ከአስመራ አዲስ አበባ የሚያመላልስበት መኪና መንገድ ያስፈልገው ነበር። ገደሉን በሃዲድ ማለፍ ያልተቻለውን በኮረኮንችና በድማሚት አለፈው። ጣርማ በር ላይ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ በረቀሰ። አሁንም እየሠራ ነው። ሾፌሩ ከመግባቱ በፊት መብራት ያበራል፣ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፣ ከፊት ለፊት ተሳቢ ከመጣ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ስትወጡ ወይ ጉም ይጠብቃችኋል፣ ወይ ደግሞ ከእግራችሁ ሥር እስከ አፋር የተዘረጋ ቆላ። ደብረ ሲና ስትደርሱ መኪናው ሳይቆም ነው ቆሎና በሶው በመስኮት የሚገባው። አልዩ አምባ ያጣችውን እንጀራ ደብረ ሲና አገኘችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መንገድ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል።

ለምን ባቡር የለንም ሲባል ስሰማው የኖርኩት መልስ ይህ ነው፦ «ባቡር ያጣነው በገደሉ ምክንያት ነው።» አባቶቻችንም ይህን ይሉን ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ዛሬ ልከራከረው።

ገደሉ ያለው በምሥራቅና በሰሜን ነው። በአዲስ አበባ በኩል ገደል የለም! ከአያት እስከዚህ ያለውን መንገድ በዓይነ ኅሊናችሁ ሂዱበት። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። አንዳንድ ወንዝ አለ፣ አንዳንድ አቀበት አለ፣ የቀረው ሜዳ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 2,800 ገደማ ላይ ነን። 400 ሜትር ከፍታ በ130 ኪሎ ሜትር ውስጥ። ከላይ ባልኩት ስሌት ይህ ለባቡር ጨዋታ ነው። ሐረርን ያስቀረው ምክንያት እኛን አያስቀረንም።

ታዲያ ምን አስቀረን? መስመሩ የተሠመረው ለወደብ ስለሆነ ነው። በ1886 የተፈረመው ውል የቡና፣ የቆዳና የጠመንጃ ውል ነው። ጠዋት ሥራ ገብቶ ማታ ቤቱ የሚመለስ ሰው ከሐሳቡ ውስጥ አልነበረም። ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። ናይሮቢን እንግሊዞች ለሃዲድ ሥራቸው ዕቃ ማከማቻ ብለው የጀመሯት ሠፈር ናት። ልዩነቱ ኋላ ላይ በዚያው የጭነት ሃዲድ የከተማ ዳርቻ ተሳፋሪ ማመላለስ መጀመራቸው ነው።

እኛስ? እኛም ነበረን እኮ! አዲስ አበባ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣቢያዎቹ ከተማው መሐል ናቸው፤ እንዲያውም ከተማው ነው ጣቢያውን ከቦ ያደገው። አቃቂ ላይ ፋብሪካ ተደረደረ። ሊቶሪናዋ፣ ራሷን በሞተር የምትነዳው የሰው ባቡር፣ ትመጣለች፣ ፉርጎው ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል ይወጣል። የከተማ ዳርቻ ባቡር ማለት ሌላ ምንድን ነው? ማንም በዚህ ስም አልጠራውም እንጂ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዚያ ሃዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ተቋረጠ። ልክ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ እየፈለሰ፣ ተመላላሹ በሺዎች መቆጠር ሲጀምር።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ። ሃዲዱ ሰፊ ነው፣ ባቡሩ ፈጣን ነው፣ ለጭነት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አላጣጥልም። ግን ጣቢያዎቹን አይታችኋል? የአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ነው። ለገሃር ሄዶ መሳፈር ቀረ። ባቡሩ ጋ ለመድረስ ታክሲ፣ ከባቡሩ ወርዶ ከተማ ለመግባት ደግሞ ሌላ ባጃጅ። ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ግን አይሆንም። አሁንም መስመሩ ለወደብ ነው የተሠመረው። መቶ ምናምን ዓመት አልፎ ሐሳቡ አልተለወጠም።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሃዲድ ይዞ ነበር። ጅማ አለ፣ አሶሳ አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ መተማ አለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የሚል ግን የለም። ለካርታ ሠሪው እኛ የትም አንወስድም፤ ከእኛ ቀጥሎ ገደል ነው ያለው።

ግን እኛ ራሳችን መድረሻ ሆነናል እኮ። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ከብርድ ልብሱ ሌላ ስንት ፋብሪካ ተተከለ። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ሂዱና እዩ። ረዳቱ «አዲስ አበባ! የቀረው አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ አምስት ነው። ጋቢ የለበሱ አባት ለሕክምና ይሄዳሉ፣ ተማሪው ላፕቶፑን አቅፎ ተኝቷል፣ አንዷ ሴት የመንዝ ባና፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ጠቅልላ ጭናለች። ይህ ሰው ነው ተመላላሽ ማለት።

አሁን ወደ ገደሉ ሥር እንመለስ፤ የዞናችን ባቡር ያለው እዚያ ነው። አዎ፣ ሰሜን ሸዋ ሃዲድ አላት! ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፣ ግንባታው በየካቲት 2007 ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ብዙው ተሠርቶ ነበር። ከዚያ መብራት አልገባለትም ሲባል፣ ገንዘብ አጠረ ሲባል፣ በ2014 ጦርነቱ መጣ። በዚያ ኅዳር ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ምን እንደሆኑ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ብዙዎቻችሁ ከዚያ ሸሽቶ የመጣ ዘመድ በቤታችሁ ተቀብላችኋል። መስመሩም ጉዳት ደርሶበታል።

ይህም መስመር የወደብ መስመር ነው። ሰሜኑን ከጅቡቲ ለማገናኘት የታሰበ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይለየዋል። በመንገዱ ያሉት ከተሞች እርስ በርስ በጣም ቅርብ ናቸው፣ ሕዝቡም በገበያ የተሳሰረ ነው። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ፣ የከሚሴ ከብት፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ። የአፋሩ፣ የአርጎባው፣ የኦሮሞውና የአማራው ገበያተኛ ቀን ቆጥሮ በእነዚህ ከተሞች ይዞራል። ቀድሞ አልዩ አምባ ላይ ይገናኝ የነበረው ሕዝብ ነው፣ ሌላ አይደለም።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው፤ ታሪክ አስተማሪ ስለ ነገ ሲናገር አትመኑት ይባላል፣ ቢሆንም ልናገር። ያ መስመር ተጠግኖ መብራት ቢገባለትና ከጭነቱ ጎን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሰው ባቡር ቢመደብለት፣ የሰሜን ሸዋ የመጀመሪያው የባቡር ተመላላሽ የሚሆነው የደብረ ብርሃን የቢሮ ሠራተኛ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ማሾዋን ጭና ኮምቦልቻ ገበያ ውላ፣ ማታ ቤቷ የምትገባ ነጋዴ ናት። እኛ ደገኞቹ እሷን ለማየት በጣርማ በር ወርደን እንሄዳለን። ወይም ደግሞ በአንኮበር፤ ዛሬ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አዋሽ አርባ የሚወርድ መኪና መንገድ አለ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስለ አያት–ደብረ ብርሃን ሃዲድ ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን መሐንዲስ ጥሩና ጠይቁ።